የሌላ ሰው ባሎት ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ የምርጫ ሰሞን ሲደርስ፣ ከቢልና ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ባሎት (የድምፅ መስጫ ወረቀት) የያዘ ፖስታም ወደየቤቱ ይመጣል። እናት ሞልተው፣ አሽገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። ልጅ ለሥራ ልትወጣ ስትል «እግረ መንገድሽን ይቺን አስገቢልኝ» ይሏታል። ጎረቤት ያሉት እትዬም የራሳቸውን ይደርቡላታል። ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው በርበሬና ሽሮ ማስላክ ለለመድን ለኛ ይህ ምንም የሚገርም ነገር የለውም።

ሕጉ ግን እንደዚያ አያየውም። ልጅቷ ላስ ቬጋስ የምትኖር ከሆነ ሁለቱንም ፖስታ ይዛ ብትሄድ ችግር የለም። አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ከሆነች የእናቷን ትወስዳለች፤ የእትዬን አትነካም። ፊላደልፊያ ከሆነች ደግሞ ያለ ፎርም የእናቷንም ቢሆን መመለስ አትችልም። ምርጫው የአንድ አገር ነው፤ ሕጉ ግን የየስቴቱ ነው።

ጥብቅነቱ ከየት መጣ? አንዱ መነሻ ኖርዝ ካሮላይና ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በስቴቱ 9ኛ የኮንግረስ ወረዳ፣ ለአንድ እጩ የተቀጠረ ሰው ያሰማራቸው ሰዎች ብሌደን ካውንቲ ውስጥ በየቤቱ እየዞሩ ባሎት ሰበሰቡ። ሳይታሸግ የተወሰደ እንደነበረ፣ ባዶ የቀረ ቦታም በሌላ እጅ እንደተሞላ ቃል ተሰጠ። በእጩዎቹ መሃል የነበረው ልዩነት 905 ድምፅ ነበር። የስቴቱ የምርጫ ቦርድ ውጤቱን አላጸድቅም አለ፤ በ2019 ምርጫው እንደ አዲስ ተደረገ።

በሌላ በኩል ቤቱ ድረስ ፖስታ የማይደርስለት፣ መኪና የሌለው፣ አልጋ የያዘ ሰው አለ። አሪዞና በ2016 ያወጣችው ገደብ በተለይ ገጠር ያሉትን ቀደምት ሕዝቦች ይጎዳል ተብሎ ተከሶ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 በ6 ለ3 ድምፅ ሕጉን አጸናው። እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያሳስበኝ አጭበርባሪው አይደለም። እሱ ሕጉን አውቆ ነው የሚጥሰው። የሚያሳስበኝ ሳያውቅ እጁን የሚያስገባው ደግ ሰው ነው። በዚያው አሪዞና የሳን ሉዊስ ከተማ የቀድሞ ከንቲባ የሌሎች ሰዎችን ባሎት በመያዟ በ2022 የ30 ቀን እስርና የ2 ዓመት አመክሮ ተፈርዶባታል። ጥፋተኛ ነኝ ያለችበት ጉዳይ የአራት ሰው ፖስታ ነው።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. መጀመሪያ ስቴታችሁ የሚለውን እወቁ

ካሊፎርኒያና ኔቫዳ በሩን በሰፊው ከፍተዋል። መራጩ የፈቀደለት ማንኛውም ሰው ባሎቱን ይመልስለታል። ግን ልጓም አለው። ካሊፎርኒያ ፖስታውን ከተቀበላችሁ በ3 ቀን ውስጥ፣ ወይም ምርጫው ሳይዘጋ አስገቡ ትላለች። በፖስታ ብዛት የሚታሰብ ክፍያ መቀበልም ክልክል ነው። ኔቫዳም የ3 ቀን ገደብ አላት፤ የምርጫው ቀን ከተቃረበ ደግሞ እስከዚያው ቀን ድረስ ብቻ። የሰው ባሎት መኪና ውስጥ ረስቶ መቅረት እዚያ ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ነው። «ረሳሁት» የሚባለው ነገር አይሠራም።

በቁጥር የሚገድቡም አሉ። ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ፣ ኮሎራዶ በአንድ ምርጫ ከ10 ሰው በላይ ባሎት መቀበልን ትከለክላለች። ሚኒሶታ ላይ ቁጥሩ 3 ነው፤ በእጅ ስታስረክቡ መታወቂያ ታሳያላችሁ። ፍሎሪዳ ከራሳችሁና ከቅርብ ቤተሰባችሁ ውጪ የምትፈቅደው 2 ብቻ ነው። ከዚያ ማለፍ በ2022 በወጣው ሕግ ፌሎኒ ሆኗል።

ጆርጂያ፣ አሪዞና፣ ኖርዝ ካሮላይናና ቴክሳስ ደግሞ በዋናነት የሚያዩት ዝምድናን ነው። እሱ ሰፋ ያለ ጉዳይ ስለሆነ ቀጥሎ እመጣበታለሁ። ቴክሳስ ግን አንድ ሌላ ነገር አለባት። ዳላስና ጋርላንድ ያላችሁ ልብ በሉ። ዘመድ ፖስታውን ፖስታ ቤት ሊያስገባ ይችላል። ቢሮ ድረስ በእጅ ወስዶ ማስረከብ የሚችለው ግን መታወቂያውን የያዘው መራጭ ራሱ ብቻ ነው። ድሮፕ ቦክስ (የምርጫ ቢሮው የባሎት መጣያ ሳጥን) የሚባል ነገር እዚያ የለም።

ሜሪላንድ ወኪል የሚባል አሠራር አላት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ አባት ታመው ባሎት ቤታቸው ካልደረሰ፣ 18 ዓመት የሞላውና ራሱ እጩ ያልሆነ ሰው በፊርማቸው ወክለው ከካውንቲው የምርጫ ቦርድ ሊያስመጡ ይችላሉ። ወኪሉም ይፈርማል፤ ውሸት ቢገኝበት በሐሰት መሐላ ይጠየቃል።

ፔንሲልቬኒያ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ጥብቅ ናት። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ያስገባል። ባል የሚስቱን፣ ሚስት የባሏን አይመልሱም። መራጩ አካል ጉዳት ካለበት ብቻ ወኪል የሚሰይምበት ፎርም አለ። ፎርሙ ተሞልቶ ካልተያዘ ፖስታው አይያዝም።

እነዚህ ሕጎች በየጊዜው ይነካካሉ። ፍርድ ቤት አንዱን ያግዳል፣ ምክር ቤት ሌላውን ያወጣል። ባለፈው ምርጫ ያደረጋችሁት ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ የስቴታችሁ ስም እዚህ ኖረም አልኖረም፣ ወደ ካውንቲያችሁ የምርጫ ቢሮ ደውሉ። ጥያቄው አጭር ነው፦ «የእናቴን ባሎት እኔ መመለስ እችላለሁ ወይ? ምን እፈርማለሁ? እስከ መቼ?» እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በስልክ የሚያስተረጉም የሚያገናኙ ቢሮዎች አሉ። የመለሰላችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። ፌስቡክ ላይ «እኔ ጋ እንዲህ ነው» የሚል ሰው ስታገኙ መጀመሪያ የሚኖርበትን ስቴት ጠይቁት።

2. ዝምድናችሁን በሕግ ዓይን እዩት

እኛ ጋ አክስት ያልሆነች አክስት ብዙ ናት። አብሮ አደግ ወንድም ነው። የክርስትና ልጅ ልጅ ነው። ነፍስ አባት ደግሞ ከአባት ይበልጣሉ። ይህ ሁሉ ለሕጉ ባዳ ነው።

ጆርጂያን ውሰዱ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፦ እናትና አባት፣ አያት፣ አክስትና አጎት፣ ወንድምና እህት፣ ባልና ሚስት፣ ልጅ፣ የወንድም ወይም የእህት ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ አማትና ምራት፣ አማች፣ ዋርሳ። ይህን ሁሉ ቆጥሮ የአጎት ልጅ የለበትም። አብሯችሁ ያደገ፣ እንደ ወንድም የምታዩት የአጎታችሁ ልጅ ሌላ ቤት የሚኖር ከሆነ ባሎታችሁን መያዝ አይችልም። ቴክሳስም እስከ ሦስተኛ የሥጋ ዝምድና ነው የምትቆጥረው፤ የአክስትና የአጎት ልጅ አራተኛ ላይ ስለሚወድቅ ከውጪ ይቀራል። ፍሎሪዳ ላይ አክስትና አጎትም ራሳቸው የቅርብ ቤተሰብ አይባሉም። የአክስታችሁን ከያዛችሁ ከ2ቱ አንዱ ተቆጠረባችሁ ማለት ነው። አሪዞና በዚህ በኩል ለቀቅ ትላለች። በደም፣ በጋብቻ፣ በጉዲፈቻ ወይም በሕጋዊ ሞግዚትነት የተዛመደ ሁሉ ይገባል።

አንድ ቤት መኖር ብዙ ጊዜ እንደ ዝምድና ይቆጠራል። ጆርጂያ፣ ቴክሳስና አሪዞና እንዲህ ያደርጋሉ። ሩምሜት ከሆናችሁ የአንዱን አንዱ ሊያስገባ ይችላል። የራሱ መግቢያ ያለው ቤዝመንት የተከራያችሁ ግን «አንድ ቤት ነን» ብላችሁ አትደምድሙ፤ ጠይቁ።

ሆም ኬር የምትሠሩ ደግሞ አላችሁ። ከኛ ሰው ስንቱ ነው በዚህ ሥራ የሚተዳደረው! የምትንከባከቧቸው ሰው ባሎቱን ቢያቀብሏችሁ፣ አሪዞና ተንከባካቢን ትፈቅዳለች። ጆርጂያም ለአካል ጉዳተኛ መራጭ ትፈቅዳለች፤ አብሮ መኖር አያስፈልግም። ሌላ ስቴት ከሆናችሁ ፖስታውን ከመንካታችሁ በፊት የካውንቲውን ቢሮ ጠይቁ። አለቃችሁ «ምንም አይደለም» ቢላችሁ እንኳ እሱ የምርጫ ቢሮ አይደለም።

3. ካልተፈቀደላችሁ እንዴት እምቢ ይባላል

ከባዱ ይሄኛው ነው። ሽማግሌ ፊት «አልችልም» ማለት በኛ አያምርም። ስለዚህ እምቢታውን ከአማራጭ ጋር አቅርቡት። «እትዬ፣ የእርስዎን ባሎት እኔ እንድይዝ ሕጉ አይፈቅድም። ቅዳሜ ግን እመጣና አብረን እንሄዳለን፤ እርስዎ በእጅዎ ያስገቡታል።» ፖስታው ከእሳቸው እጅ አይወጣ፤ እናንተ ሰውየውን ነው የምታደርሱት። ገንዘብ አትቀበሉ፤ መንገድ ላይም «እከሌን ይምረጡ» አትበሉ።

መውጣት የማይችሉ ከሆነ ደግሞ ፖስተኛው አለ። በራቸው ላይ ባለው የመልዕክት ሳጥን ራሳቸው ያስቀምጡታል፣ ወይም በእጁ ይሰጡታል። ፖስተኛ ሥራው ስለሆነ ይህ ገደብ አይመለከተውም። ቴምብር ያስፈልግ እንደሆነ ግን ፖስታውን እዩ።

ማኅበር ወይም እድር የምትመሩ ሰዎች፣ አዳራሽ ውስጥ ካርቶን አስቀምጦ «ባሎታችሁን እዚህ ጣሉ» ማለት እንዳትጀምሩ። ካሊፎርኒያን በሚያህል ክፍት ስቴት እንኳ በ2020 የሪፐብሊካን ፓርቲው የስቴት ቅርንጫፍ በየቦታው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይቀር፣ የራሱን ሳጥን አስቀምጦ ባለሥልጣናቱ እንዲያነሳ አዘውታል። ማኅበሩ መርዳት ከፈለገ የመኪና ተራ ያውጣ።

4. ፖስታውን ገልብጡት

ተፈቅዶላችኋል እንበል። ከመቀበላችሁ በፊት ፖስታውን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። የመራጩ ፊርማ አለ? ታሽጓል? ካልታሸገ መልሱላቸው፤ በራሳቸው እጅ ያሽጉት። ክፍት ባሎት ይዞ መንገድ መውጣት በፍጹም አይሆንም። ብሌደን ካውንቲን አስታውሱ።

ቀጥሎ በሌላ ሰው እጅ ሲመለስ የሚሞላ ክፍል መኖሩን እዩ። ካሊፎርኒያ ስማችሁን፣ ከመራጩ ጋር ያላችሁን ግንኙነትና ፊርማችሁን ትጠይቃለች። ቴክሳስ ላይ ለረዳ ወይም ይዞ ለሄደ ሰው የስምና የአድራሻ ቦታ አለ። ይህን ክፍል ባዶ መተው ትሕትና አይደለም። ስማችሁን መደበቃችሁ ነው የሚመስለው።

አንዳንድ ስቴት ፊርማ ብቻ አይበቃውም። ቴክሳስ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ወይም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የመጨረሻ 4 አኃዝ ክዳኑ ሥር እንዲጻፍ ትፈልጋለች። ጆርጂያም የመታወቂያ ቁጥርና የትውልድ ቀን ትጠይቃለች። ፔንሲልቬኒያ ሁለት ፖስታ ትልካለች፦ ባሎቱ መጀመሪያ ምስጢር መጠበቂያው ውስጥ፣ ከዚያ ውጪኛው ውስጥ ይገባል። የውስጠኛው ከተረሳ ድምፁ አይቆጠርም።

ፊርማ ላይ የኛ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እናት ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ ቢሮ) ላይ በአማርኛ ፈርመዋል፤ ባሎቱ ላይ ደግሞ ልጅ «እማዬ፣ በእንግሊዝኛ ይሻላል» አለቻቸውና እጃቸው እየተንቀጠቀጠ በላቲን ፊደል ጻፉ። ፊርማ በሚያመሳክር ስቴት ይህ ችግር ነው። ቢሮው ያለው የድሮው ፊርማ ነዋ። መታወቂያቸውን አውጡና እሱን አስመስለው ይፈርሙ። በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ። እናንተ ግን ስለሳቸው አትፈርሙ። ውክልና አለኝ ማለት አይረዳም፤ ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ለባንክና ለቤት የተሰጠ የውክልና ሥልጣን ባሎት ላይ አይሠራም ትላለች። መፈረም ያቃተው ሰው ምስክር ባለበት ምልክት የሚያደርግበት መንገድ አለ፤ ቢሮውን ጠይቁ።

5. መሙላቱን ስትረዱ

ማድረስ አንድ ነገር ነው፤ መሙላት ሌላ። እዚህ ላይ የፌዴራል ሕግ ይደግፋችኋል። የመምረጥ መብት ሕጉ አንቀጽ 208፣ በ1982 የተጨመረው፣ ማየት የተሳነው፣ አካል ጉዳት ያለበት ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ የፈለገው ሰው እንዲረዳው ይፈቅዳል። የማይፈቀድላቸው አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ሰዎች ናቸው። ለኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የፌዴራሉ ሕግ በሌላ ቋንቋ ባሎት እንዲታተም የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያና ለቀደምት ሕዝቦች ቋንቋዎች ነው፤ አማርኛ የለበትም። ዋሽንግተን ዲሲ ግን የ2004 የቋንቋ ሕጓን ስትተገብር አማርኛን አካታለች።

አነባበቡ እንዲህ ይሁን። የእጩውን ስምና ፓርቲ እንደተጻፈው አንብቡላቸው። የሕዝበ ውሳኔ ጥያቄ ካለ ተርጉሙ፣ «አዎ» ብትሉ ምን ይሆናል፣ «አይ» ብትሉ ምን ይሆናል ብላችሁ አስረዱ። ከዚያ ዝም በሉ። «አንተ የመረጥከውን አድርግልኝ ልጄ» ይሏችኋል፤ ብዙ አባቶች ይላሉ። አታድርጉ። የማያውቁትን መስመር ባዶ መተው መብታቸው ነው፤ የቀረው ድምፃቸው ይቆጠራል።

ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። ባሎት በስሙ የመጣለት ሁሉ መራጭ አይደለም። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ዲኤምቪ ላይ በስህተት ተመዝግቦ ባሎት ሊደርሰው ይችላል። ሞልቶ ከላከው ከአገር እስከ መባረር ያደርሰዋል። እንዲህ ያለ ፖስታ ቤታችሁ ከመጣ አይሞላ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ስለ ገንዘብ አጭሩ ነገር፦ ድምፅ እንዲሰጥ ለሰው መክፈልም ሆነ መቀበል በፌዴራል ምርጫ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 10,000 ዶላር ያስቀጣል።

6. በጊዜው አስገቡ

ጠቅላላ ምርጫው ሁልጊዜ ከኖቬምበር የመጀመሪያ ሰኞ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ነው። ከሳምንት በፊት አስገቡ። ኮሎራዶና ጆርጂያ ባሎቱ በምርጫው ዕለት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ቢሮው እጅ እንዲገባ ይፈልጋሉ፤ ፖስታ ቤት መቼ ሰጠሁት የሚለው አይቆጠርም። የፖስታ ቤቱ የቀን ማኅተም የሚታይበት ስቴት ብትሆኑም አትተማመኑበት። ማኅተሙ የሚያርፈው ፖስታው ማጣሪያ ማዕከል ሲደርስ ሊሆን ይችላል እንጂ ሳጥን ውስጥ በጣላችሁበት ቀን አይደለም። ቀኑ ከተቃረበባችሁ ፖስታ ቤት ገብታችሁ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ፊት ለፊታችሁ ማኅተሙን በእጁ እንዲመታበት ጠይቁ።

ድሮፕ ቦክስ ካለ እሱ ይሻላል። የካውንቲው መሆኑን ሳጥኑ ላይ አንብቡ። የሚዘጋበትን ሰዓትም እዩ፤ ጆርጂያ ላይ ሳጥኑ ያለው ቅድመ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ስለሆነ ጣቢያው ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። ብዙዎቹ ሳጥኖች ካሜራ አላቸው። ሕጋዊ ነገር የያዘ ሰው ካሜራ አያስፈራውም፤ ግን የአምስት ጎረቤት ፖስታ አንድ ላይ ይዛችሁ ስትታዩ የምትሉት እንዲኖራችሁ ከቁጥር 1 ጀምሮ ያልኩትን አጣሩ።

7. መድረሱን ተከታተሉ

አብዛኛው ስቴት ባሎት የት እንደደረሰ የሚታይበት ገጽ አለው። ካሊፎርኒያና ኮሎራዶን ጨምሮ በብዙ ቦታ ሲመዘገቡ በቴክስት ያሳውቃል። የወላጆቻችሁን ስልክ አስመዝግቡላቸው። «ፊርማዎ አልተመሳከረም» የሚል መልዕክት ወይም ደብዳቤ ከመጣ ማስተካከያ ጊዜው የቀናት ጉዳይ ነው፤ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት አትጣሉት።

መያዝ የማይገባችሁን ፖስታ አስቀድማችሁ ተቀብላችሁ ከሆነ፣ አትክፈቱት፣ አትጣሉት፣ ለሌላ ሰውም አታቀብሉት። ለባለቤቱ ዛሬውኑ መልሱ፤ ራሱ ያስገባው። ካልቻላችሁ ወይም ግራ ከገባችሁ 866-687-8683 ብላችሁ ደውሉ። ከፓርቲ ነፃ የሆነ የመራጮች መርጃ መስመር ነው፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁም የምትኖሩበትን ስቴትና ካውንቲ ነው።